ላፕቶፕ ላይ ተቀምጦ ለሌላ ማሽን ሊኑክስ መስፋት፦ ከባዶ ፎልደር እስከ ሼል

ሽሮ ሜዳ ያለ ሰፊ ዋሽንግተን ላለች ሙሽራ ቀሚስ ሲሰፋ አስቡት። ሙሽራዋ አጠገቡ የለችም። ያለው በቴሌግራም የተላከ ልክ ነው፤ ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል፣ ቁመት ይህን ያህል። በራሱ መኪና ይሰፋል፣ በራሱ መቀስ ይቆርጣል፤ ልኩ ግን የእሷ ነው። ተዘናግቶ አጠገቡ በቆመችው እህቱ ልክ ቢቆርጠው ቀሚሱ አምሮ ይወጣል። ችግሩ የሚታወቀው ዋሽንግተን ሲደርስ ነው።

ክሮስ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም አንድ ማሽን ላይ ሆኖ ፕሮግራምን ወደ ሌላ ማሽን ቋንቋ መቀየር፣ ይኸው ነው። ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያለው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ነው። ራስቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ደግሞ አርም የሚባል ፕሮሰሰር ነው። የአንዱን የማሽን ቋንቋ ሌላው አይሰማም። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ቁጭ ብለን አርም ብቻ የሚገባውን ፕሮግራም እንሠራለን። በዚህ ሥራ ከሚገጥማችሁ ስህተት አብዛኛው የሚመጣው የሰፊውን ዕቃና የሙሽራዋን ልክ ከመቀላቀል ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይህን አትርሱ።

«ለምን እዚያው ፓዩ ላይ ኮምፓይል አላደርገውም?» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ግን ትንሿ ቦርድ ላይ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሲገነባ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ፣ ጀበናው ታጥቦም አያልቅም። 512 ሜጋባይት ራም ያላት ቦርድ ከሆነች መሃል ላይ ማህደረ ትውስታ አልቆባት ልትቆም ትችላለች። 16 ሜጋባይት ፍላሽ ብቻ ያለው ራውተር ላይ ደግሞ ኮምፓይለሩ ራሱ አይገባም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰን ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምር ፕሮግራሙን ያዘጋጅ የነበረው ሌላ ትልቅ ማሽን ላይ ነው። ውጤቱ ቀዳዳ በተበጀለት የወረቀት ጥቅል ይወጣል። ጥቅሉን ይዞ ፒዲፒ-7 ወደምትባለው ትንሽ ማሽን ይሄዳል። የዚያን ጊዜ ፍላሽ ዲስክ በሉት።

እኛ የምንሠራው ይህን ነው፦ የሊኑክስ ከርነልን እና ቢዚቦክስ የሚባለውን የመሠረታዊ ትእዛዞች ጥቅል ለ64 ቢት አርም እንገነባለን። ከዚያ ኬሙ በሚባለው የማሽን አስመሳይ ላይ አስነስተን ሼል (ትእዛዝ የሚቀበለውን ፕሮግራም) እናገኛለን። ቦርድ መግዛት አያስፈልግም። ራስቤሪ ፓይ 4 ላላችሁ መጨረሻ አካባቢ የሚሆን ነገር አለ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር

ትእዛዞቹን የጻፍኳቸው ለጓደኛ በስልክ እንደሚነገረው በራሳችን ፊደል ነው። እናንተ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ትጽፏቸዋላችሁ። ትልቅ ፊደል የሚፈልግ ቦታ ሲኖር እነግራችኋለሁ። ካልነገርኳችሁ ሁሉም ትንሽ ፊደል ነው።

ኮምፓይለሩ ለምን ረጅም ስም አለው?

የምንጠቀመው ኮምፓይለር ስም በ«ኤአርች64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ-» ይጀምርና በ«ጂሲሲ» ያልቃል። የመጀመሪያው ክፍል ፕሮሰሰሩን ይነግረናል። በሁለት «ኤ» ነው የሚጀምረው፤ አንዱን የሚረሳ ብዙ ነው። ሁለተኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሦስተኛው የትኛውን የሲ ላይብረሪና ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበትን የትኛውን ስምምነት እንደሚከተል ያሳያል። ይህ ስም የሙሽራዋ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

ግራ የሚያጋባው ከርነሉ ይህንኑ ፕሮሰሰር «አርም64» ብሎ መጥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ፣ ከርነል 3.7 ላይ፣ በዚህ ስም ገባ። ኤአርች64 እና አርም64 አንድ ናቸው። የትኛው የት እንደሚጻፍ ብቻ ልብ በሉ።

ዕቃ ማሰናዳት

ኡቡንቱ 24.04 ላይ እንዳላችሁ አድርጌ ልቀጥል። ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ደብሊውኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን) የምትጠቀሙም ትችላላችሁ። ግን ሥራውን ሲ ድራይቭ ውስጥ አትክፈቱት፤ ሊኑክሱ ውስጥ ባለው የራሳችሁ ሆም ፎልደር ይሁን። ምክንያት አለው። የከርነሉ ሶርስ ውስጥ በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ የፋይል ስሞች አሉ። ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ያያቸውና አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ፎልደሩ ስም ውስጥ ባዶ ቦታም አታስገቡ። ዲስክ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ክፍት ቦታ ካላችሁ አትጨነቁም።

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኤሴንሺያል ፍሌክስ ባይሰን ቢሲ ሲፒአይኦ

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ ሊብኤልፍ-ዴቭ ሊብኤንከርስስ-ዴቭ

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂሲሲ-ኤአርች64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ ኬሙ-ሲስተም-አርም

ልብ ካላችሁ ሁለት ኮምፓይለር ነው ያስገባነው፤ አንዱ የላፕቶፑ፣ ሌላው የአርሙ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ከርነሉ ሲገነባ መሃል ላይ ለራሱ የሚሆኑ ትንንሽ መሣሪያዎችን ይሠራል። ሰፊው ልብሱን ከመቁረጡ በፊት ሜትሩንና ጠመኔውን እንደሚያዘጋጀው ማለት ነው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚሮጡት ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ በላፕቶፑ ኮምፓይለር ይሠራሉ። ግንባታው ሲጀምር ስክሪኑ ላይ በየመስመሩ ፊት «ሆስትሲሲ» እና «ሲሲ» የሚሉ ምልክቶች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ለላፕቶፑ፣ ሁለተኛው ለአርሙ ነው።

ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ደቂቃ የምትወስድ ሙከራ አድርጉ። «ሰላም» ብቻ የሚያትም አጭር የሲ ፕሮግራም ጻፉና በአዲሱ ኮምፓይለር ገንቡት። ከዚያ «ፋይል» የሚባለውን ትእዛዝ በውጤቱ ላይ ስጡ። የፋይሉ ዓይነት ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ መልሱ ውስጥ «አርም ኤአርች64» ማየት አለባችሁ። አሁን ፕሮግራሙን ላፕቶፑ ላይ ለማስኬድ ሞክሩ። የፋይሉን ፎርማት አላውቀውም የሚል ስህተት ይመጣል። ደስ ይበላችሁ፤ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ላፕቶፑ ላይ ከሮጠ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ኬሙ-ዩዘር ቀድሞ ተጭኖ ከጀርባ እየተረጎመላችሁ ነው፣ ወይ የተሳሳተውን ኮምፓይለር ጠርታችኋል።

«ፋይል» የምትባለዋን ትእዛዝ ከእጃችሁ አትለዩአት። በየደረጃው እንመለስባታለን።

ልኩን ለተርሚናሉ መንገር

ሁለት ተለዋዋጮች አሉ። ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለው ስማቸው በትልልቅ ፊደል ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው በትንሽ።

ኤክስፖርት አርክ=አርም64

ኤክስፖርት ክሮስ_ኮምፓይል=ኤአርች64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ-

ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ያለችው ሰረዝ በስህተት የገባች አይደለችም። ግንባታው ራሱ ከኋላዋ «ጂሲሲ»፣ «ኤልዲ» እያለ ይቀጥልባታል። ሰረዟ ከጎደለች እንደዚህ ያለ ኮምፓይለር የለም ይላችኋል።

እነዚህን ሁለት መስመሮች አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ አስቀምጧቸው። አዲስ ተርሚናል በከፈታችሁ ቁጥር «ሶርስ» በሚለው ትእዛዝ ጥሯት። ይህን የምመክረው ተምሬበት ነው። አንድ ማታ ዴስክቶፕ ላይ ግንባታው ግማሽ ደርሶ መብራት ሄደ። ሲመለስ አዲስ ተርሚናል ከፍቼ «ሜክ» ብዬ ብቻ ገባሁ። ከርነሉ የጥያቄ መዓት ያዥጎደጉድብኝ ጀመር። ይህን ይፈልጋሉ? ያንንስ? እኔም እንደ ጨዋ ሰው እንተር፣ እንተር፣ እንተር። ለካ ተለዋዋጮቹ ጠፍተዋል። ከርነሉ ለዴስክቶፑ የሚገነባ መስሎት የአርሙን ማዋቀሪያ በዴስክቶፑ ልክ እየጻፈው ነበር። ስለዚህ ሜክ ድንገት ጥያቄ ካበዛባችሁ አትመልሱለት። በኮንትሮልና ሲ አቁሙትና ተለዋዋጮቹ መኖራቸውን እዩ።

ስለ መብራት ካነሳን፣ ሜክ ካቆመበት መቀጠል ያውቃል። እንደገና ጥሩት፣ የተሠራውን አይነካም። ግን መብራቱ የሄደው አንድ ፋይል እየተጻፈ ከሆነ ያ ፋይል ግማሹ ወይም ባዶው ሊቀር ይችላል። ስትቀጥሉ ሊንከሩ (የተገነቡትን ቁርጥራጮች የሚያጋጥመው ፕሮግራም) አንድ ፋይል «ተቆርጧል» ወይም «ፎርማቱ አይታወቅም» ብሎ ካማረረ ስሙን ይነግራችኋል። እሱን ብቻ ሰርዛችሁ ሜክን ድገሙ።

ከርነሉን መገንባት

ከከርነል ነጥብ ኦአርጂ ላይ የ6.12ን ታርቦል (የታመቀ የሶርስ ጥቅል) አውርዱ። ረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ስሪት ነው። የታመቀው ፋይል ወደ 140 ሜጋባይት ይጠጋል። በጊት ሙሉ ታሪኩን ማውረድ ግን ብዙ ጊጋባይት ነው። በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ከሆነ አታስቡት።

ታርቦሉን ፍቱና ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ እንዲህ በሉ፦

ሜክ ኦ=../አውት ዴፍኮንፊግ

«ኦ» ትልቁ የላቲን ፊደል ነው፤ ዜሮ አይደለም። ሥራዋ ውጤቱን በሙሉ ሌላ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሶርሱ ንጹህ ሆኖ ይቆያል። ነገ ለሌላ ፕሮሰሰር መገንባት ብትፈልጉ ሌላ «አውት» መክፈት ብቻ ነው። «ዴፍኮንፊግ» ደግሞ ለአርም64 የተዘጋጀውን መነሻ ማዋቀሪያ ያመጣል። በሺዎች የሚቆጠሩ ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ እንዳትዋኙ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምንም አትንኩ።

ሜክ ኦ=../አውት -ጄ4 ኢሜጅ

የ«ኢሜጅ» የመጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው። «ጄ4» ማለት አራት ሥራ ጎን ለጎን አስኪድ ማለት ነው። ብዙ ኮር ካላችሁ ከፍ አድርጉት። ራማችሁ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ 2 ይበቃል፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ለኬሙ ሞጁሎቹ (ከከርነሉ ተነጥለው የሚቀመጡት ክፍሎች) ስለማያስፈልጉን «ኢሜጅ» ብቻ እንጠይቃለን። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይቆጥባል። አሁን ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ።

ሲያልቅ ፋይሉ እዚህ ይገኛል፦ አውት/አርክ/አርም64/ቡት/ኢሜጅ። እዚህ «አርክ» በትንሽ ፊደል ነው። «ፋይል» ብላችሁ ጠይቁት። የሊኑክስ ከርነል፣ አርም64፣ ሊትል ኢንዲያን ይላችኋል። ሊትል ኢንዲያን ማለት ቁጥሩ ሚሞሪ ውስጥ ሲቀመጥ ትንሹ ባይት ይቀድማል ማለት ነው። ለአርም የተለመደው ይህ ነው። አንዳንድ የሚፕስ ራውተሮች ግን ተቃራኒ ናቸው። እዚያ ላይ የተሳሳተውን ከመረጣችሁ ምንም አይነሳም።

ቢዚቦክስ፦ አንድ ፋይል፣ ብዙ ትእዛዝ

ከርነል ብቻውን ሲነሳ የሚያስኬደው የመጀመሪያ ፕሮግራም ይፈልጋል። ካጣ ይደነግጣል። ቃል በቃል «ፓኒክ» ነው የሚለው። ቢዚቦክስ ሼሉንም፣ ኤልኤስንም፣ ማውንትንም፣ ከሦስት መቶ በላይ ትእዛዞችንም አንድ ፋይል ውስጥ ጠቅልሎ የያዘ ፕሮግራም ነው። 1.36.1ን አውርዱ፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው።

ተለዋዋጮቹ መኖራቸውን አረጋግጡና «ሜክ ዴፍኮንፊግ» በሉ። ከዚያ «ሜክ ሜኑኮንፊግ»። ሰማያዊ ሜኑ ይከፈታል። ሁለት ነገር እንለውጣለን።

አንደኛ፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ቢልድ ስታቲክ ባይነሪ» የሚለውን አብሩ። በተለመደው መንገድ የተሠራ ፕሮግራም ሲነሳ የሲ ላይብረሪውን ከሲስተሙ ይፈልጋል። የእኛ ሲስተም ግን ባዶ ነው፤ ምንም ላይብረሪ የለውም። ስታቲክ ማለት ቀሚሱን ከነመቀነቱ፣ ከነነጠላው አንድ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መላክ ነው። እዚያ ደርሳ መቀነት ፍለጋ አትሄድም።

ሁለተኛ፣ «ኔትወርኪንግ ዩቲሊቲስ» ውስጥ «ቲሲ» የምትባለውን አጥፉ። ይህቺ አንድ ቀን ሙሉ ልትፈጅባችሁ ትችላለች። ቲሲ የኔትወርክ ትራፊክ ማስተካከያ ናት። ከከርነሉ የተወገደ «ሲቢኪው» የሚባል አሮጌ አሠራርን ትጠራለች። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ያሉት አዳዲስ ሄደሮች (የከርነሉን ስሞች የሚዘረዝሩ ፋይሎች) ውስጥ ስሙ የለም። ስለዚህ ግንባታው «ቲሲ ነጥብ ሲ» ላይ ደርሶ ይሞታል። ስህተቱ የኮምፓይለሩ ይመስላል፤ አይደለም። ለእኛ ሥራ ቲሲ አታስፈልግም፤ አጥፍታችሁ እለፉ።

ሜኑው አልከፈትም ካለ ነጥብ ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል በኤዲተር ክፈቱና «ኮንፊግ_ስታቲክ» (በትልልቅ ፊደል) የሚለውን መስመር ወደ «=ዋይ» ቀይሩ። የ«ኮንፊግ_ቲሲ»ን (ይህም በትልልቅ ፊደል ነው) መስመር ደግሞ አጥፉ፤ ፋይሉ ውስጥ የጠፉት ምርጫዎች እንዴት እንደተጻፉ አይታችሁ እንደነሱ አድርጉ።

ሜክ -ጄ4

ሜክ ኢንስቶል

መጨረሻ ላይ ስለ ስታቲክ አሠራር ማስጠንቀቂያዎች ይመጣሉ። የኔትወርክ ስም ፍለጋን ይመለከታሉ፤ አሁን አያስቸግሩንም። «ኢንስቶል» ሲባል ላፕቶፑ ላይ የሚጭን መስሎ ያስፈራል። ቢዚቦክስ ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ በአንደርስኮር (ከታች በምትሰመር ሰረዝ) የሚጀምር «_ኢንስቶል» የሚባል ፎልደር ነው የሚፈጥረው። ውስጡ ያለውን ቢን/ቢዚቦክስ «ፋይል» ብላችሁ ጠይቁ። «ኤአርች64» እና «ስታቲካሊ ሊንክድ» የሚሉ ሁለት ነገሮች ካላያችሁ ወደፊት አትሂዱ።

ሻንጣውን ማሸግ

«_ኢንስቶል» ውስጥ ግቡና ፕሮክ፣ ሲስ እና ዴቭ የሚባሉ ሦስት ባዶ ፎልደሮች ክፈቱ። ከዚያ «ኢኒት» የሚባል ፋይል ጻፉ። ይዘቱ ይኸው ነው፦

#!/ቢን/ኤስኤች
ማውንት -ቲ ፕሮክ ነን /ፕሮክ
ማውንት -ቲ ሲስኤፍኤስ ነን /ሲስ
ማውንት -ቲ ዴቭቲኤምፒኤፍኤስ ነን /ዴቭ
ኤኮ "ሰላም ከአርም"
ኤክሴክ /ቢን/ኤስኤች

ፋይሉን «ሲኤችሞድ +ኤክስ» በሚለው ትእዛዝ የሚሮጥ አድርጉት። ይህን መርሳት ያለ ነው። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ ባለ ኤዲተር አትጻፉት። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የማትታይ ተጨማሪ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ ምን እንደምታመጣ ወረድ ብለን እናያለን።

አሁን ሁሉንም ወደ አንድ ፋይል እናሽጋለን። እዚያው «_ኢንስቶል» ውስጥ ሆናችሁ፦

ፋይንድ . | ሲፒአይኦ -ኦ -ኤች ኒውሲ | ጂዚፕ > ../ኢኒት.ጂዜድ

«ኦ» ትንሽ፣ «ኤች» ትልቅ ናት። «ኒውሲ» ከርነሉ የሚያውቀው የሲፒአይኦ ፎርማት ነው፤ ካልጻፋችሁት በሌላ ፎርማት ይታሸግና ከርነሉ አይከፍተውም። ፋይንድን ከላይ ካለው ፎልደር ሆናችሁ አታስኪዱት፤ መንገዶቹ ይዛቡና ኢኒት ከሥሩ ላይ አይገኝም።

ማስነሳት

ከርነሉንና ይህን ሻንጣ አንድ ቦታ አስቀምጡና በአንድ መስመር፦

ኬሙ-ሲስተም-ኤአርች64 -ማሽን ቨርት -ሲፒዩ ኮርቴክስ-ኤ53 -ኤም 512ኤም -ኖግራፊክ -ከርነል ኢሜጅ -ኢኒትአርዲ ኢኒት.ጂዜድ -አፔንድ "ኮንሶል=ቲቲዋይኤኤምኤ0"

የኬሙ ስም በኪው ነው የሚጀምረው። «ኤም» ትንሽ ናት፤ ከ512 በኋላ ያለችው ግን ትልቅ። መጨረሻ ላይ ካለው ስም ውስጥ «ኤኤምኤ» በትልቅ ፊደል ነው። «ቨርት» በእውን የሌለ፣ ለኬሙ ተብሎ የተፈጠረ ቦርድ ነው። ኮንሶሉን ደግሞ ከሌላ መመሪያ አትቅዱ። ለኢንቴል ማሽን የተጻፉ መመሪያዎች «ቲቲዋይኤስ0» ይላሉ። እሱን እዚህ ከጻፋችሁ ከርነሉ ይነሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ስክሪኑ ጭልም ብሎ ይቀራል፤ እናንተም የሌለ ስህተት ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

ሁሉም ከሰመረ ብዙ መስመር ይወርድና «ሰላም ከአርም» ይላል። ሼሉ ስለ ቲቲዋይና ጆብ ኮንትሮል ትንሽ ያጉረመርማል፤ ተዉት። «ዩኔም -ኤም» በሉ። «ኤአርች64» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ «ካት /ፕሮክ/ቨርዥን» በሉ። ከርነሉን ማን፣ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደገነባው ይጽፋል። የላፕቶፓችሁ ስም አርም ማሽን ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ሰፊው አንገትጌው ሥር እንደሚሰፋት ስሙ ያለባት ጨርቅ።

ለመውጣት ኮንትሮልንና «ኤ»ን (የመጀመሪያውን የላቲን ፊደል) አብራችሁ ተጫኑ፣ ልቀቁና «ኤክስ»ን ተጫኑ። ሼሉን «ኤግዚት» ብላችሁ ከወጣችሁ ከርነሉ ኢኒት ተገደለብኝ ብሎ ፓኒክ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፕሮግራም መሞት የለበትማ። ምንም አልተበላሸም።

ካልተነሳስ?

የስህተቱን ቁጥር እዩ። ከርነሉ «ኢኒትን ማስኬድ አልቻልኩም» ብሎ ቅንፍ ውስጥ ቁጥር ይጽፋል። መፍትሔው ያለው ቁጥሯ ውስጥ ነው።

-8 ከሆነ ፎርማቱ አልታወቀም ማለት ነው። በእህትየው ልክ የተሰፋው ቀሚስ ይኸው ነው፤ ቢዚቦክስ ለላፕቶፑ ነው የተገነባው። ተለዋዋጮቹን አስገቡና «ሜክ ክሊን» ብላችሁ እንደገና ገንቡ።

-2 ከሆነ ፋይል አልተገኘም ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኢኒት እኮ እዚያው አለ! የጠፋው ኢኒት ሳይሆን ኢኒትን የሚያስኬደው ነው። ወይ ቢዚቦክስ ስታቲክ ስላልሆነ የላይብረሪ ጫኚውን ፈልጎ አጥቷል። ወይ ደግሞ ያቺ የማትታይ የዊንዶውስ ምልክት ከመጀመሪያው መስመር ጫፍ ተለጥፋ፣ ከርነሉ በዓለም ላይ የሌለ ሼል እየፈለገ ነው።

-13 ፈቃድ ነው። ሲኤችሞድን ረስታችኋል።

ኢኒትን ሳይጠቅስ «ሩት ፋይል ሲስተም ማውንት ማድረግ አልቻልኩም» ካለ ደግሞ ሻንጣውን ጭራሽ አላገኘውም ወይም ኢኒት ሻንጣው ውስጥ ከላይ የለም። አስተሻሸጉን እዩ።

እውነተኛ ቦርድ ላይ፦ ራስቤሪ ፓይ 4

እስካሁን ያለው ልምምድ ነበር። ቦርድ ላይ አንድ አዲስ ነገር ይመጣል፤ ዲቫይስ ትሪ። ኮምፒውተር ሲነሳ ውስጡ ምን ምን ዕቃ እንዳለ ለከርነሉ የሚነግርለት ፈርምዌር አለው። እንደ ፓይ ያሉ ቦርዶች ላይ ግን ሲሪያሉ በዚህ አድራሻ፣ ኤስዲ ካርዱ በዚያ አድራሻ ብሎ የሚዘረዝር ፋይል ከከርነሉ ጋር መሄድ አለበት። መጨረሻው «ዲቲቢ» ነው። ከርነሉ የአርም ስለሆነ ብቻ የትኛውም አርም ቦርድ ላይ አይነሳም፤ የቦርዱ ዲቲቢ ያስፈልገዋል።

የራስቤሪ ፓይን የራሱን የከርነል ሶርስ ጊትሃብ ላይ ታገኛላችሁ። ጊት ሲያወርድ «ዴፕዝ 1» በሉት፤ ታሪኩ አያስፈልገንም። ማዋቀሪያው ለፓይ 4 «ቢሲኤም2711_ዴፍኮንፊግ»፣ ለፓይ 5 «ቢሲኤም2712_ዴፍኮንፊግ» ነው። አሁን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦

ሜክ -ጄ4 ኢሜጅ ሞጁልስ ዲቲቢኤስ

ሞጁሎቹን ወደ ካርዱ ስታስገቡ ጠንቀቅ በሉ። «ሜክ ሞጁልስ_ኢንስቶል» ብቻ ካላችሁ የሚገቡት የራሳችሁ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እኔ በሱዶ አድርጌው አውቃለሁ። ላፕቶፑ አልተበላሸም፤ ግን የማይጠቅመው የአርም ኮተት ተከመረበት። መድረሻውን ለመንገር «ኢንስቶል_ሞድ_ፓዝ» የሚል፣ በትልልቅ ፊደል የሚጻፍ ተለዋዋጭ አለ። ባዶ ፎልደር ስጡት፤ ያለ ሱዶ። ከዚያ ውስጡ ያለውን የሞጁል ፎልደር «ሩትኤፍኤስ» ወደሚባለው የካርዱ ክፍል፣ ሊብ/ሞጁልስ ውስጥ፣ በሱዶ ቅዱት። ሱዶን ከሜክ ጋር አለመቀላቀል የሚበጅበት ሌላም ምክንያት አለ። ሱዶ ኤክስፖርት ያደረጋችሁትን ተለዋዋጭ በልማዱ ይረሳዋል። አርሙ ተረስቶ ወደ ላፕቶፑ ልክ ትመለሳላችሁ።

«ቡትኤፍኤስ» በሚባለው የካርዱ ክፍል ደግሞ የድሮውን ከርነል አትደምስሱ። የእናንተን ኢሜጅ በሌላ ስም አስቀምጡ፤ ማይከርነል.አይኤምጂ እንበለው። ከዚያ ኮንፊግ.ቲኤክስቲ መጨረሻ ላይ «ከርነል=ማይከርነል.አይኤምጂ» እና «አርም_64ቢት=1» ብላችሁ ጨምሩ። የፓይ 4ን ዲቲቢም ቅዱ፤ የነበረውን መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጣችሁ። ካልተነሳ ካርዱን መልሳችሁ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ የጨመራችኋቸውን መስመሮች መሰረዝና የድሮውን ዲቲቢ መመለስ ነው። ፓዩ ወደነበረበት ይመለሳል።

ስክሪን ላይ ምንም ካላያችሁ ዩኤስቢ-ሲሪያል ኬብል ዓይናችሁ ነው። ኮንፊግ.ቲኤክስቲ ላይ «ኢኔብል_ዩአርት=1» ጨምሩ። ኬብሉን ጂፒአይኦ 14 እና 15 ላይ፣ ግራውንዱን ከግራውንድ ጋር አገናኙ፤ ፍጥነቱ 115200 ነው። የምትገዙት ኬብል የ3.3 ቮልት መሆኑን ሻጩን አምናችሁ ሳይሆን ራሳችሁ በቮልት መለኪያ ለኩ። 5 ቮልት ፒኑን ያቃጥለዋል።

ወደ ሪስክ-ፋይቭ ለመሻገር

ከፈለጋችሁ ይህንኑ የኬሙ ልምምድ ሪስክ-ፋይቭ ለሚባለው ሌላ የፕሮሰሰር ዓይነት ድገሙት። ጂሲሲ-ሪስክቪ64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ የሚባለውን ፓኬጅና የሪስክ-ፋይቭን ኬሙ አስገቡ። አርክን «ሪስክቪ» አድርጉ፤ ቅጥያውን «ሪስክቪ64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ-» አድርጉ፤ ሰረዟን አትርሱ። አዲስ «አውት» ክፈቱ። ቢዚቦክስን «ሜክ ክሊን» ብላችሁ እንደገና ገንቡ፤ ኢኒት የተባለችው ፋይል ግን ጽሑፍ ስለሆነች እንዳለች ትሄዳለች። ማሽኑ እዚያም «ቨርት» ነው፤ የሲፒዩውን ምርጫ ግን አውጡት። ኮንሶሉ በዚህኛው ላይ ቲቲዋይኤስ0 ነው፤ «ኤስ» ትልቅ።